ኮሚክ ኮን፦ ከጎጃም ለሚነሣ ጀማሪ አድናቂ

ኮሚክ ኮን የኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ አንባቢዎች፣ ሠዓሊዎች፣ ደራሲዎችና ነጋዴዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት ጉባኤ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ውስጡ ገበያ አለ፣ ውይይት አለ፣ የፊርማ ሰልፍ አለ፣ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ የሚዞር ሕዝብ አለ። ዛሬ ፊልሙ፣ ጌሙ፣ አኒሜ የሚባለው የጃፓን ካርቱንና መጫወቻው ተጨምሮበት ከኮሚክ በላይ ሰፍቷል።

ይህ ዳሰሳ የተጻፈው ለቀንደኛው አድናቂ አይደለም። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ በስልኩ አኒሜ የሚያይ፣ የስፓይደርማንን ፊልም ከጓደኞቹ ጋር ያየ፣ ኮሚክ ግን አንድ ሁለት ብቻ ገልጦ የሚያውቅ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው «እኔ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ?» ይላል። በእኔ እምነት ከማንም በላይ የሚደሰተው እሱ ነው። የጎጃም ሰው ከሆነ ደግሞ ታሪክን በሥዕል ተራ በተራ መከተል ለዓይኑ እንግዳ አይደለም።

ጅማሬው

የአሜሪካ ኮሚክ አንባቢዎች መጀመሪያ የተዋወቁት በደብዳቤ ነው። አሳታሚዎቹ የአንባቢ ደብዳቤ በየመጽሐፉ ያወጡ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ የአውሮፓውያን ናቸው) የደብዳቤ ጸሐፊውን ሙሉ አድራሻም አብረው ማተም ጀመሩ። ልጆቹ በዚያ አድራሻ እርስ በርስ ተጻጻፉ። የራሳቸውን ትንንሽ መጽሔት እያባዙ ተላላኩ። ከዚያ በአካል እንገናኝ ተባባሉ። በ1964 ኒው ዮርክ ላይ ለኮሚክ ተብሎ የተጠራ ትንሽ ስብሰባ ተደረገ። ያዘጋጁት ጎረምሶች ነበሩ።

የሳን ዲዬጎው ጉባኤ፣ ዛሬ በዓለም ስሙ የገነነው፣ በ1970 ተወለደ። መጋቢት ላይ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት የአንድ ቀን ሙከራ ተደረገ። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ የሦስት ቀን ጉባኤ ተጠራና 300 ያህል ሰው መጣ። ከእንግዶቹ መካከል ሠዓሊው ጃክ ከርቢና ደራሲው ሬይ ብራድበሪ ነበሩ። አሁን በዓመት ከ130,000 በላይ ሰው ይገባበታል። ሆኖም እስከ ዛሬ የሚያዘጋጀው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው።

ሌላው ዓለምም የራሱን መንገድ ይዟል። በጣሊያን ሉካ ከተማ የሚካሄደው ከ1966 ጀምሮ ከሚቆጠረው ጉባኤ የወጣ ነው፤ ከተማው በሙሉ አዳራሽ ይሆናል። የፈረንሳዩ አንጉሌም በ1974 ተጀመረ። የጃፓኑ ኮሚኬት በ1975 ቶኪዮ ላይ ሲጀመር 700 ያህል ሰው ነበረው፤ ዛሬ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ኮሚኬትን ከሌሎቹ የሚለየው አብዛኛው ሻጭ ራሱ ሥሎ፣ ራሱ አሳትሞ፣ ራሱ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሸጥ መሆኑ ነው።

ቀኑ እንዴት ይውላል

ትኬቱ ቀድሞ በኢንተርኔት ይሸጣል። በትልልቆቹ ጉባኤዎች ወራት ሲቀሩት ያልቃል፤ በትንንሾቹ በር ላይም ይገኛል። ጠዋት ሰልፍ አለ። የመግቢያ ባጁ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ የአዳራሹ ካርታና ፕሮግራሙ በወረቀት ይሰጣል ወይም ስልክ ላይ ይጫናል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ላዳርስ ይላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ በተለያየ ክፍል ብዙ ውይይት ስለሚካሄድ አይሆንም። ሁለት መርጦ ሌላውን መተው ያዋጣል።

ውይይቱ ፓናል ይባላል። ደራሲዎች፣ ሠዓሊዎች ወይም ተዋንያን ከፊት ይቀመጣሉ፣ አወያዩ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ ታዳሚው ማይክ ጋ ተሰልፎ ይጠይቃል። የሳን ዲዬጎው ትልቅ አዳራሽ፣ ሆል ኤች፣ 6,500 ያህል ሰው ይይዛል። አዳዲስ ፊልሞች የሚተዋወቁት እዚያ ስለሆነ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ውጭ አድሮ ይሰለፋል። ለጀማሪ አልመክረውም። ዋናው ወሬ ሳይመሽ ስልክ ላይ ይደርሳል። ትንሽ ክፍል ውስጥ አንድ ሠዓሊ ያልጨረሰውን ገጽ በስክሪን እያሳየ «ይህን ፊት ለምን ጥላ ውስጥ እንደከተትኩት ልንገራችሁ» ሲል መስማት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ገበያው ሰፊ ነው። አሮጌ ኮሚኮች ረጃጅም የካርቶን ሣጥን ውስጥ በፊደል ተራ ተደርድረው ይቆማሉ። እያንዳንዱ በስስ ላስቲክ ተሸፍኖ፣ እንዳይታጠፍ ከኋላው ነጭ ካርቶን ገብቶለታል። በሁለት ጣት ከላይ ይዞ ወደ ፊት እያዘነበሉ ማየት ነው፤ መንጭቆ ማውጣት ነውር ነው። ውዶቹ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽገው ምን ያህል ሳይጎዱ እንደቆዩ የሚያሳይ ነጥብ ተሰጥቷቸዋል። ነጥቡ ከ0.5 እስከ 10 ይሄዳል። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት የ1938ቱ መጽሐፍ ሲወጣ 10 ሳንቲም ነበር፤ አንድ ቅጂው በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጧል። የታሸገ ኮሚክ ግን አይነበብም። ለማንበብ የሚገዛ ሰው ከጠረጴዛው ሥር ያሉትን ርካሽ ሣጥኖች ያገላብጥ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ዕቃ ይዞ መመለስ ስለማይፈልግ ዋጋ ይወርዳል። መከራከር ያምራል።

የሠዓሊዎቹ ረድፍ

ከጉባኤው ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ከትልልቅ ኩባንያዎች መብራትና ጩኸት ራቅ ብሎ ጠባብ ጠረጴዛዎች በረድፍ ይዘረጋሉ። በየጠረጴዛው ኋላ መጽሐፉን የሠራው ሰው ራሱ ተቀምጧል። ሰላም ማለት ነጻ ነው። መግዛት ግዴታ አይደለም። «ከየትኛው ልጀምር?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሠዓሊውን የሚያስደስት ጥያቄ ነው፤ ቀንደኛ አድናቂ ይህን አይጠይቅም።

ብዙዎቹ በትዕዛዝ ይሥላሉ። ጠዋት ምን እንደሚፈለግ ይነገራል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይወሰዳል። ቆሞ ማየት ከተፈቀደ ቆሞ ማየት ነው። መጀመሪያ ፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ ይመጣል፤ ጭንቅላቱ ክብ ነው፣ ደረቱ ሣጥን፣ ክንዱ መስመር ብቻ። ከዚያ በጥቁር ቀለም ላዩ ላይ ይሄድበታል። ከብዙዎቹ ሰማያዊ መስመሮች አንዱን ይመርጣል፣ ሌሎቹን ይተዋል። ሰማያዊው የሚመረጠው ገጹ ለማተም ፎቶ ሲነሣ በቀላሉ ስለሚጠፋ ነው።

እዚያው ረድፍ ላይ ኦሪጂናል ገጾች በትልቅ ማኅደር ይሸጣሉ። ባይገዛም ገልጦ ማየት ይገባል። ወረቀቱ ከታተመው መጽሐፍ በጣም ይሰፋል፤ የተለመደው መጠን 28 በ43 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የተሳሳተ አፍንጫ በነጭ ቀለም ተደፍኗል። በድሮዎቹ ላይ የንግግሩ ጽሑፍ ተቆርጦ በሙጫ ተለጥፏል፣ ሙጫውም በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። አንድ ገጽ የስንት ሰው እጅ እንደነካው የሚታየው እዚህ ነው። ጸሐፊው ይጽፋል፣ አንዱ በእርሳስ ይሥላል፣ ሌላው በቀለም ያጠነክራል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል፣ ሌላው ፊደሉን ያስገባል።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ወርዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው፣ መቅደሱን በአራቱም ማዕዘን የከበበውን ሥዕል ያውቃል። ከወለል እስከ ጣሪያ ትዕይንት በትዕይንት ላይ ተደርድሯል። በየትዕይንቱ ጽሑፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፣ እንዴት እንደሆነ ሊነግር ነው። ደጉ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ይህን አንድ ነገር ይዞ ማን ወገን ማን ጠላት እንደሆነ ይለያል። በጣና ዙሪያ ደጋግሞ የሚሣለውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንውሰድ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ የጠማው ምስኪን በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥቂት ውኃ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ነፍሱ ሚዛን ላይ ስትወጣ ያቺ ውኃ ታመዝናለች። ሠዓሊው ያንኑ ሰው ደጋግሞ ይሥለዋል፤ ሲበላ፣ ሲያጠጣ፣ ሲፈረድበት። ተመልካቹ እነዚህ ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም ጊዜ ማለፉን ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ቅዱስ ሥዕል ለጸሎትና ለትምህርት ነው፤ ከመዝናኛ ጋር አላስተካክለውም። የማነሣው የማንበብ ልምዱን ነው። ኮሚክም የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው። በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ያለውን የሚሞላው አንባቢው ነው። በድሮ የገበያ ሠዓሊዎች እጅ ይኸው ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ለዓለማዊ ታሪክ ውሏል። በጨርቅ ላይ የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ በረድፍ በረድፍ ተከፍሎ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥን፣ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ነው። ከዘጌ መቅደስ ወጥቶ ኮሚክ ኮን የገባ ሰው የሠዓሊዎቹን ረድፍ ሲያይ እንግዳ የሚሆንበት ነገር ጥቂት ነው።

ልብሱና ሥርዓቱ

ኮስፕሌይ የገጸ ባሕርይን ልብስ ሠርቶ መልበስ ነው። ታሪኩ ከኮሚክ ጉባኤዎችም ይቀድማል። በ1939 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ የመጪውን ዘመን ልብስ ለብሰው ገቡ። ልብሱን የሠራችው ሚርትል ናት። ስሟ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል አልነበረበትም።

መልበስ ግዴታ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በጂንስና በቲሸርት ነው የሚመጣው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፦ የለበሰው በመታየቱ፣ ያልለበሰው በማየቱ ይደሰታል። ፎቶ ለማንሣት ግን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ልብሱንም ሰውየውንም ሳያስፈቅዱ አለመንካት ሕግ ነው። የኒው ዮርኩ ጉባኤ ከ2014 ጀምሮ ይህንኑ በትልቅ ሰሌዳ በር ላይ ለጥፏል። ሰይፍና ጠመንጃ የሚመስል ነገር በር ላይ ይመረመራል፤ እውነተኛ መሣሪያ አይገባም።

የጎጃም ልጅ ምን ይልበስ ቢባል፣ እኔ መልስ አለኝ። የኮሚክ ጀግኖች ሁለት ስም አላቸው፣ የቤትና የውጊያ። እኛ ጋም የፈረስ ስም አለ። በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ነው። ከአባይ ማዶና ማዶ ስሙ የተፈራ አርበኛ፣ በጎፈሬውና በጥይት ዝናሩ፣ ከየትኛውም ካባ ለባሽ ጎን ቢቆም አያንስም። ሲጠየቁ ማን እንደሆነ ለመናገር ግን ታሪኩን አንብቦ መሄድ ያስፈልጋል።

ከጎጃም ቅርብ የሆነው

በአፍሪካም ጉባኤዎች አሉ። የአልጀርሱ የኮሚክ ፌስቲቫል በ2008፣ የሌጎሱ ኮሚክ ኮን በ2012፣ የጆሃንስበርጉ በ2018 ተጀምረዋል። ናይሮቢም የራሷ አላት፤ ለእኛ የምትቀርበው እሷ ናት፣ ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ያህል በረራ። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ ኦሰም ኮን የሚባለውን ያገኛል፤ በ2013 ነው የተጀመረው።

በአገራችን በኩል ስሙ መነሣት ያለበት ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ ነው። ጀምበር የተባለው ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። ሐዊ ደግሞ ሴት ጀግና ናት። ማንም ኮሚክ አንብቦ የማያውቅ ወዳጄ ከየት ልጀምር ቢለኝ ከጀምበር ጀምር እለዋለሁ፤ መንገዱና ጭንቀቱ የሚያውቀው ነውና።

ስለ ቀኑ ወጪና ድካም ባጭሩ፦ የጉባኤ ውስጥ ምግብ ውድ ነው፣ ውኃና ቆሎ ይዞ መግባት የሚከለከልበት ቦታ መኖሩን ቀድሞ ማየት ደግ ነው። ጫማ የተለመደ፣ ያረጀ ይሁን። ለገበያ የመደቡትን ብር ለብቻ መያዝ ይበጃል፤ እዚያ ኪስ ቶሎ ይራቆታል።

ሥዕል የሚሞክር ሰው ሌላም ዕድል አለው። በብዙ ጉባኤዎች አርታኢዎች ተቀምጠው የጀማሪ ሥራ ያያሉ። ለዚያ የቆመ ጀግና ውብ ሥዕል አይበቃም። አራት አምስት ተከታታይ ገጽ ያስፈልጋል፤ ሰው ባጃጅ ውስጥ ሲገባ፣ ሲከራከር፣ ወርዶ ሲሄድ፣ ጽሑፍ ሳይኖር የሚገባ። አርታኢዎች ዓይናቸው ቶሎ የሚያርፈው እጅና እግር ላይ፣ ከሰዎቹ ኋላ ያለው ሰፈር ተሠርቷል ወይስ ባዶ ነው የሚለው ላይ ነው። ዋናውን ወረቀት ቤት አስቀምጦ ጥሩ ኮፒ መያዝ፣ በየገጹ ጀርባ ስምና ስልክ መጻፍ ይገባል።