ደሙ ወደሚሠራው ጡንቻ የሚሄደው በምን ተመርቶ ነው?

«ስሮጥ እግሬ ደም የሚያገኘው ልቤ ስለሚፈጥን ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ልብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ግን ለሆድም ለእግርም እኩል በጨመረ ነበር።

የሚለየው ጡንቻው ውስጥ ያሉት ትንንሽ የደም ቅዳ ቧንቧዎች ናቸው። ግድግዳቸውን የከበበው ለስላሳ ጡንቻ ሲላላ ይሰፋሉ። ዲያሜትሩ እጥፍ ቢሆን፣ ግፊቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሚያልፈው ደም እጥፍ ሳይሆን ወደ 16 እጥፍ ነው! ስለዚህ ትንሽ መላላት ይበቃል።

ቡና ስትወቅጡ አስቡት። የሚወቅጠው ክንድ ብዙ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ፖታሲየምና አዴኖሲን (ጡንቻው ጉልበት ሲጠቀም የሚፈጠር ኬሚካል) ይለቃል። ቧንቧውን የሚያላሉት እነዚህ ናቸው። የቧንቧው የውስጥ ሽፋንም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ እሱም ቧንቧውን ያላላል (ቪያግራም የሚሠራው የዚህን ጋዝ ውጤት በማጠናከር ነው፣ አትሳቁ)። ሙቀጫውን የያዘው እጅ ግን ያን ያህል ስላልሠራ ቧንቧው ያን ያህል አይከፈትም። አእምሮ ማዘዝ አያስፈልገውም፤ ጡንቻው ራሱ ይጠራል።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። የትኛው ኬሚካል ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለው ግን እንደ እንቅስቃሴው ዓይነት፣ እንደ ዕድሜና እንደ ጤና ይለያያል። «ዋናው ይሄ ብቻ ነው» የሚላችሁን አትመኑ።