ፎልሰም፦ ሰፈር ለማዳን የተጀመረው የቆዳ ለባሾች ፌስቲቫል

በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መጨረሻ እሁድ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፎልሰም ጎዳና ለመኪና ይዘጋል። ከ8ኛው እስከ 13ኛው ጎዳና ድረስ መንገዱ በሰው ይጨናነቃል። ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ የቆዳ ሱሪ፣ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ የለበሰ አለ። ደረቱ ላይ ከተጣመሩ የቆዳ ማሰሪያዎች በቀር ምንም ያልለበሰም አለ። ይህ የፎልሰም ጎዳና ፌስቲቫል ነው። የቆዳ ልብስና የኪንክ አፍቃሪዎች ከሚያዘጋጇቸው የጎዳና በዓላት ሁሉ ትልቁ ነው። ኪንክ የሚባለው አዋቂዎች በስምምነት የሚያደርጉት፣ ከተለመደው ወጣ ያለ የወሲብ ጨዋታ ነው።

በዓሉን ለመረዳት ግን ከልብሱ በፊት ሰፈሩን ማወቅ ይበጃል።

ከማርኬት ጎዳና በስተደቡብ ያለው ይህ ሰፈር ድሮ የመጋዘን፣ የትናንሽ ፋብሪካዎችና የርካሽ አልቤርጎዎች ሰፈር ነበር። ጡረታ የወጡ መርከበኞች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ከፊሊፒንስ የመጡ ቤተሰቦች ኖረውበታል። ማታ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ጭር ይላል። ከሰው ዓይን ራቅ ማለት ለሚፈልጉ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ይህ ተመቻቸው። ብዙዎቹ የሞተር ብስክሌት ክበብ አባላት ነበሩ። ሞተረኛ ሲወድቅ ገላውን የሚያተርፍለት የቆዳ ልብሱ ነውና፣ ልብሱ ከሞተሩ ጋር አብሮ መጣ። ውሎ አድሮ መተዋወቂያቸው ሆነ።

በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ሃሪሰን ጎዳና ላይ ቱል ቦክስ የሚባል መጠጥ ቤት ተከፈተ። ግድግዳውን ቻክ አርኔት የሳላቸው ግዙፍ ወንዶች ሞልተውት ነበር። በ1964 ላይፍ መጽሔት ያንን ሥዕል ሲያወጣ መላው አሜሪካ አየው። በ1966 ደግሞ ፊቢስና ስተድ የሚባሉት ቤቶች ፎልሰም ላይ ተከፈቱ።

ከዚያ መልሶ ማልማት መጣ። አልቤርጎዎቹ ፈረሱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በተለይ ደሃ ሽማግሌዎች፣ ተፈናቀሉ። በቦታው ሞስኮኒ የተባለው የስብሰባ ማዕከልና ሌሎች ትልልቅ ሕንፃዎች ተተከሉ። ኤድስም በዚያው ዘመን ገባ፤ ሰዉ ወዳጁን እየቀበረ ነበር። በ1984 ከተማው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚገናኙባቸውን መታጠቢያ ቤቶች መዝጋት ጀመረ።

ካትሊን ኮኔልና ማይክል ቫሌሪዮ የተባሉ ሁለት የሰፈር አደራጆች በዚህ መሃል ተነሱ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1984 «ሜጋሁድ» የተባለውን የመጀመሪያውን ፌስቲቫል አዘጋጁ። ሰፈሩ ባዶ መሬት አይደለም፣ ሰው ይኖርበታል ብለው በአደባባይ ማሳየት ፈልገው ነበር። ይህን ሳነብ ልቤ ይነካል። ቤቱ ሊፈርስበት የደረሰ ሰው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ መንገድ ላይ ሲደግስ ይታየኛል።

ዛሬ የሚያዘጋጀው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። መግቢያው ላይ ሰው የአቅሙን ይሰጣል፤ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ይከፋፈላል። ውስጥ ገመድ አስተሳሰር የሚያሳዩ አሉ፣ ቆዳ የሚሸጡ አሉ፣ ሙዚቃ አለ። እኔን የሚማርኩኝ ግን ጫማ ጠራጊዎቹ ናቸው። የእኛን ሊስትሮ ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል። ባለ ቦቱ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጠራጊው አጎንብሶ ቀለሙን በጣቱ እያሸ ያስገባል፣ በብሩሽ ይመታል፣ በጨርቅ ያብሰዋል። በቆዳ ለባሾች ዘንድ ይህ የተከበረ ሙያ ነው። የራሱ ውድድርም አለው።

አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ ሳትጠይቅ አትንካ፣ ሳትጠይቅ ፎቶ አታንሳ። ሰው ምንም ቢለብስ፣ ባይለብስም፣ ልብሱ ፈቃድ አይደለም። ከዚህ ሁሉ ትዕይንት ለሌላውም ዓለም ቢተርፍ የምመኘው ይህንን ነው።

በ2020 በኮሮና ምክንያት ፌስቲቫሉ በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ። በርሊንም በየሴፕቴምበሩ በስሙ የሚጠራ የጎዳና በዓል አላት። በሳን ፍራንሲስኮው ሰፈር ደግሞ በጁላይ መጨረሻ የሚደረግ ታናሽ እህት ፌስቲቫል አለ። እሱ በ1985 የተጀመረው ሪንጎልድ በምትባል ጠባብ መንገድ ላይ ነበር።

ሪንጎልድ ከ2017 ጀምሮ የመታሰቢያ ቦታ ናት። የፈረሰው የቱል ቦክስ ሥዕል እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። በእግረኛው መንገድ ላይ በነሐስ የተሠሩ የቦት ጫማ ዱካዎች አሉ። በእነሱም 28 ሰዎች ይታወሳሉ።