ስክራች፦ ልጅና ወላጅ አብረው የሚማሩት የፕሮግራም ቋንቋ

ስክራች ልጆች ጨዋታ፣ ተረትና ተንቀሳቃሽ ሥዕል በራሳቸው እየሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍን እንዲማሩ ታስቦ የተዘጋጀ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በአሜሪካ፣ በተለምዶ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚዲያ ላብ ውስጥ ሚቼል ሬስኒክ በሚመሩት ቡድን ተሠርቶ በግንቦት 2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ። በዋናነት የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት ደግሞ ትእዛዞቹ በፊደል ሳይሆን በሥዕል ብቻ የሚታዩት ስክራች ጁኒየር በ2014 እ.ኤ.አ. ተከትሎታል። ስሙ የተወሰደው ዲጄዎች ሸክላውን በእጃቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሹ ከነባር ሙዚቃ አዲስ ድምፅ ከሚያወጡበት ዘዴ ነው፤ በስክራችም አንዱ ልጅ የሠራውን ሌላው ወስዶ እየለዋወጠ የራሱን መሥራት የተፈቀደ በመሆኑ ስሙ ከግብሩ ጋር ይስማማል። የተመዘገቡት ተጠቃሚዎች ከ100 ሚሊዮን ያልፋሉ፤ የቀረበባቸው ቋንቋዎችም ከ70 በላይ ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ አማርኛ ነው።

ስክራችን የሚከፍት ልጅ መጀመሪያ የሚያየው ነጭ መድረክና በመካከሉ የቆመች ብርቱካናማ ድመት ነው። መድረኩ 480 በ360 ነጥብ ስፋት ሲኖረው የመካከሉ ነጥብ ዜሮ ስለሆነ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ስለ ኔጌቲቭ ቁጥር ከመማሩ በፊት ድመቷ ወደ ግራ በሄደች ቁጥር ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ በዓይኑ ያያል። ትእዛዞቹ የሚጻፉ ሳይሆኑ እንደ መጫወቻ ጡብ አንዱ ከሌላው ጋር የሚገጣጠሙ ባለቀለም ብሎኮች ናቸው፤ የእንቅስቃሴዎቹ ሰማያዊ፣ የመልክና የንግግሮቹ ሐምራዊ፣ የሒሳቦቹ አረንጓዴ ናቸው። አብረው የማይሄዱ ብሎኮች እርስ በርስ አይገጥሙም። ስለዚህ ትልልቆቹን ጀማሪዎች የሚያሰለቸው፣ አንድ ነጠላ ምልክት በመረሳቱ ፕሮግራሙ ሁሉ አልሠራ የማለቱ ጣጣ እዚህ የለም፤ የሚቀረው የሐሳብ ስህተት ብቻ ነው።

የሐሳብ ስህተት ግን አይጠፋም፤ ትምህርቱም ያለው እሱ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ልጅቷ ድመቷን ለማስዘለል 50 ነጥብ ወደ ላይ የሚያወጣ ብሎክ፣ ከሥሩም 50 ነጥብ ወደ ታች የሚያወርድ ብሎክ ትገጥማለች፤ ፕሮግራሙን የሚያስጀምረውን አረንጓዴ ባንዲራ ስትጫን ግን ድመቷ ንቅንቅ አትልም። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን በሙሉ ፈጽሟል፤ ነገር ግን መውጣቱም መውረዱም ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ስላለቀ ያየው የለም። በሁለቱ መካከል ለአፍታ የሚያስጠብቅ ብሎክ ሲገባ ድመቷ ትዘላለች። አጠገቧ የተቀመጠ አዋቂ ብሎኩን ነጥቆ ከማስገባት ይልቅ «እስቲ አንቺ ኮምፒውተሩ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ዓይነት ጥያቄ ቢጠይቅ የተሻለ መሆኑን ይህን ሥራ የሚያውቁ ሁሉ ይናገራሉ፤ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ግን ከሚመስለው በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ይህ «አንቺ ብትሆኚ» የሚለው ዘዴ ከስክራች የቀደመ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሲሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፎይርዛይግና ሲንቲያ ሰሎሞን ሎጎ የተባለውን ለልጆች የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ ሠርተው ነበር። ፓፐርት በ1928 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ የተወለዱ የሒሳብ ሊቅ ሲሆኑ፣ ወደ ኤም.አይ.ቲ. ከመሄዳቸው በፊት ጄኔቭ ውስጥ ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ ጋር ሠርተዋል፤ ልጅ ዕውቀትን የሚገነባው ራሱ እየሠራ ነው የሚለውን እምነትም ያዳበሩት በዚሁ መንገድ ነው። ሎጎን ዝነኛ ያደረገችው ኤሊ መጀመሪያ ወለል ላይ የምትሄድ ሮቦት ነበረች፤ በኋላ በስክሪን ላይ መስመር የምትስል ሆነች። 100 እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ መዞርን አራት ጊዜ ቢደጋግሙት አራት ማዕዘን ይወጣል፤ ልጁ ግራ ሲገባው ራሱ ተነሥቶ እንደ ኤሊዋ በክፍሉ ወለል ላይ ይሄዳል፣ ይዞራል። ፓፐርት እንዲህ ያለው መሣሪያ ለጀማሪ ደፉ ዝቅ፣ ለበረታ ደግሞ ጣሪያው ከፍ ያለ እንዲሆን ይሹ ነበር፤ የእሳቸውን ፈለግ የተከተሉት ሬስኒክ ግድግዳውም ሰፊ ይሁን ሲሉ ጨመሩበት፤ አንዱ ልጅ ጨዋታ፣ ሌላዋ ሙዚቃ፣ ሦስተኛው ተረት ይዞ እንዲገባበት ማለታቸው ነው።

በሎጎ ላይ የተጣለው ተስፋ ሁሉ ግን አልሰመረም። በ1984 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሮይ ፒ እና ሚዲያን ከርላንድ ባወጡት ጥናት፣ ፕሮግራም መጻፍ የተማሩ ልጆች ያንኑ የማቀድ ችሎታ ወደ ሌላ ሥራ በራሱ ጊዜ ያሻግሩታል የሚለው ግምት በማስረጃ እንደማይደገፍ አሳይተዋል። ይህ ዛሬም ለወላጆች ሊነገር የሚገባው ነገር ነው፤ ኮድ የተማረ ልጅ በሌላው ትምህርት ሁሉ ይጎብዛል የሚል ማስታወቂያ ያለበትን ኮርስ በጥርጣሬ ማየት አይከፋም። የሚሻገር ነገር ካለ፣ አብሮት ሆኖ «ይኼን ሌላ ቦታ አይተኸው አታውቅም?» የሚል ሰው ሲኖር ነው።

ቤተሰብ ወደ ሥራው የገባው በዚህ በኩል ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነ ቤተሰቦች ለሚመጡ ወጣቶች ኮምፒውተር ክለብሃውስ የተባለ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሠራ ማዕከል ተከፈተ፤ ስክራችም ከተፀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ እዚያ የሚመጡት ወጣቶች የሚመቻቸው የፕሮግራም መሣሪያ ማጣታቸው ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያው በኤም.አይ.ቲ. ሪካሮዝ ሮኬ ወላጆችና ልጆች አንድ ላይ የሚመጡበትን የቤተሰብ ዐውደ ጥናት ጀመረች። መርሐ ግብሩ አራት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ አብሮ መብላት፣ ቀጥሎ መገናኘት፣ ከዚያ መሥራት፣ በመጨረሻም የሠሩትን ማሳየት። በመገናኛው ጊዜ ወላጆች ለብቻቸው፣ ልጆችም ለብቻቸው ከአስተባባሪዎቹ ጋር ስለሚቀመጡ፣ ወላጅ ልጁ ፊት የማያፍርበት፣ «እኔ ይኼን አልችልም» የሚለውን ሐሳቡን አውጥቶ የሚናገርበት ሰዓት ያገኛል። ማዕድ ቀድሞ ሥራ መከተሉ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር ባይሆንም፣ ከሥራ በቀጥታ ለሚመጣ ቤተሰብ ግን እራት መዘጋጀቱ ራሱን የቻለ እርዳታ ነው።

ወላጅ ፕሮግራም ካላወቀ ምን ይረዳል የሚለውን ጥያቄ ተመራማሪዋ ብሪጂድ ባሮንና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መልሰውታል፤ በኮምፒውተር የበረቱ ልጆችን ቤት አጥንተው ወላጆች የያዟቸውን ሰባት ዓይነት ሚናዎች ለይተዋል። ማስተማር ከሰባቱ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት አብሮ መሥራት፣ ትምህርት የሚገኝበትን ማፈላለግ፣ ዕቃ ማሟላት፣ ከቴክኒኩ ውጭ ባለው ማማከር፣ ልጁን ሥራ ማሠራትና ከልጁ መማር ናቸው። በአየርላንድ ኮርክ ከተማ በ2011 እ.ኤ.አ. በጄምስ ዌልተንና በቢል ሊያው የተጀመሩት፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚመሩትና ክፍያ የማይጠየቅባቸው የኮደርዶጆ ክበቦችም ወላጅ ልጁን በር ላይ አድርሶ እንዳይመለስ፣ በተለይ ከትንንሾቹ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ያበረታታሉ።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ሙከራ የተደረገው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚለውን ዘመቻ የመሠረቱት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች በሣጥን የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ መምህርና ያለ መመሪያ ለልጆች አስቀምጠው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ልጆቹ በአጭር ጊዜ የእንግሊዝኛ ፊደል መዘመር እንደጀመሩ፣ ተዘግቶ የነበረውንም ካሜራ ራሳቸው እንደከፈቱት ተናገሩ። ወሬው ዓለምን አዳርሷል፤ ተናጋሪው ግን የሥራው ባለቤት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የልጆቹ ብልሃት የሚያጠራጥር አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ እናትና አባት የት እንደነበሩ የሚናገር ሰው እምብዛም አልተሰማም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም በአመዛኙ ዜጎች በግል በኢንተርኔት ኮርስ ወስደው ሰርተፍኬት የሚያገኙበት እንጂ ቤተሰብን በአንድ ስክሪን ፊት የሚያስቀምጥ አይደለም።

በአንድ ስክሪን ፊት ለመቀመጥ የቋንቋው ነገር ይወስናል። ስክራች የልጁን ሥራ ሲያስቀምጥ የሚመዘግበው በብሎኩ ላይ የተጻፈውን ቃል ሳይሆን የብሎኩን የውስጥ መለያ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በጀርመን ሙኒክ ያለ ልጅ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ የሠራውን ጨዋታ እናቱ ከላይ በግራ ካለው ማውጫ አማርኛን መርጣ ብትከፍተው፣ ምንም ሳይበላሽ ያው ፕሮግራም በአማርኛ ብሎኮች ይታያታል። ግሡ በእንግሊዝኛ ከፊት፣ በአማርኛ ከኋላ የሚመጣ ቢሆንም ተርጓሚዎቹ የቁጥሩን ክፍት ቦታ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ማዛወር ስለሚችሉ፣ ትእዛዙ ተሰባብሮ ሳይሆን እንደ ልማዱ ሊነበብ ይችላል። ልጁ ባማርኛ አንደበቱ የማይፈታ ከሆነ ደግሞ ትምህርቱ በሁለት በኩል ይሆናል፤ እሱ ብሎኩን ያስረዳታል፣ እሷ ቃሉን ታስነብበዋለች። ተረቱንም በድምፃቸው ቀድተው ድመቷ «ተረት ተረት» ስትል ልጁ «የላም በረት» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል።

ኢንተርኔት በሌለበት ቤት አንድ ጊዜ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስክራች መተግበሪያ አለ። ኮምፒውተርም ከሌለ፣ ከኒውዚላንድ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ በተነሣው፣ የኮምፒውተርን ሳይንስ ያለ ኮምፒውተር በሚያስተምረው ዘዴ መጀመር ይቻላል። አምስት ካርቶኖች ተቆርጠው 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ነጥብ ይሣልባቸዋል፤ ካርቶኖቹን በመገልበጥና በመክደን፣ የሚታዩት ነጥቦች እየተደመሩ ከ0 እስከ 31 ያለው ቁጥር ሁሉ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ቢሰጥ፣ ለእንግሊዝኛ 26 ፊደላት ይህ ይበቃል። ከሀ እስከ ፐ ላሉት 33 ግእዞች ግን በአንዲት ፊደል ያንሳልና ስድስተኛ ካርቶን ያስፈልጋል፤ እስከ ሳብዕ ያሉት 231 ፊደላት በሙሉ ይግቡ ከተባለ ደግሞ ስምንት።

አባት ወይም አያት የራሳቸውን ዕውቀት ይዘው የሚገቡበት ከሁሉ የሚያምረው ሥራ ግን የዘመንና የበዓላት ማስሊያው ባሕረ ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀድሞውኑ ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ ስሌት ነውና። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ይሆናል። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ስክራች ቀሪን ለብቻው አውጥቶ የሚሰጥ አረንጓዴ ብሎክ ስላለው፣ ልጅቷ ዓመቱን ጠይቆ ወንጌላዊውን የሚናገር ፕሮግራም በአንድ ከሰዓት ትጨርሳለች። 5500ውን መደመር ብትረሳ እንኳ 2018ን ብላ ስትሞክር ድመቷ ማርቆስ ትላለች፤ ትክክል ነው፤ 5500 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል መዘንጋቱ አልታወቀም።

ቀጥለው እንቁጣጣሽ የሚውልበትን ቀን ይሞክራሉ። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው ሙሉ ቁጥር፣ መጠነ ራብዒት የሚባለው፣ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ተደምሮ ለ7 ይካፈላል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ፣ 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይቀጥላል። ክፍልፋዩን ቆርጦ የሚጥለው ብሎክ ከተረሳ ቀሪው ነጥብ ያለበት ቁጥር ይሆንና ድመቷ የምትለው ይጠፋታል፤ ይህ ቶሎ ይታያል፣ ቶሎም ይታረማል። ከዚያ በኋላ ግን ድመቷ የ2018 እንቁጣጣሽ ረቡዕ ነው ትላለች፤ በቤቱ ያሉት ሁሉ ደግሞ ሐሙስ እንደነበረ ያስታውሳሉ። ልጅቷ ብሎኮቹን ከላይ እስከ ታች ብታያቸው ሁሉም በቦታቸው ናቸው። 5500ውን የሚጠይቃት አባቷ ነው፤ ሲደመር 7518 እና 1879 አንድ ላይ 9397 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሐሙስ።