አንጀት የሚበሉ ግልገሎች

ቅዳሜ ጠዋት ጎንደር ውስጥ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ቆም ይበሉ። እንጨት የተጫነች አህያ ታልፋለች። ከኋላዋ ውርንጭላዋ ዱብ ዱብ እያለች ትከተላለች። ግንባሯ ጎላ ያለ፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ። ቸኩሎ የሚሄደው ሰው ሳይቀር ፊቱ ይፈታል። «አንጀት ትበላለች!» ይላል።

ይህን ስሜት በአማርኛ «ያሳሳል» እንለዋለን። ቃሉ ግሩም ነው። ምግቡን ማካፈል የማይሆንለት ሰው ስስታም ይባላል። ልጇን ከዓይኗ ማራቅ የማትችል እናትም «ትሳሳለታለች» ይባልላታል። መውደድ፣ የራስ ማድረግ መፈለግና እንዳያመልጥ መፍራት በአንድ ሥር ተያይዘዋል።

ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1943 ምን ምን እንደሚያሳሳን ዘረዘረ። ከሰውነት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ የሆነ ጭንቅላት፣ ሰፊ ግንባር፣ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ዓይኖች፣ ሞላ ያሉ ጉንጮች፣ አጫጭር እጅና እግር፣ የሚንገዳገድ አካሄድ። እነዚህ በመጀመሪያ የሰው ሕፃን መልኮች ናቸው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህል ይሆናል። የአዋቂ ግን አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ ለዓመታት ያለ ተንከባካቢ መኖር አይችልም። ስለዚህ ለሕፃን የሚሳሱ ወላጆች ልጆች ይበልጥ ተረፉ፣ ስሜቱም ወደ እኛ ደረሰ።

የአብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ልጆችም ጭንቅላታቸውና ዓይናቸው ቀድሞ ያድጋል። ለዚህ ነው ለልጃችን የተፈጠረው ርኅራኄ ወደ ቡችላውም የሚፈስሰው። ዝርዝሩ ግን ሁሉም ላይ አይሠራም። ውርንጭላ እግሯ ረጅም ነው፣ ጫጩትም ጉንጭ የላትም። አንዱ ምልክት ቢጎድል ሌላው ይበቃል ማለት ነው።

ስሜቱ ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኦክስፎርድ ጥናት የሕፃን ፊት ሲታይ ከዓይን በላይ ያለው የአንጎል ክፍል በሰከንድ አንድ ሰባተኛ ውስጥ እንደሚነቃ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የጃፓኑ ሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቡችላና የድመት ልጆችን ፎቶ ያዩ ሰዎች ጥንቃቄ የሚፈልግ የእጅ ሥራ ይበልጥ በደንብ እንደሠሩ አገኙ።

«ጉንጯን ብነክሳት!» የምንለው ነገርስ? በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አጥንተዋል። የሚያሳሱ እንስሳትን ያዩ ሰዎች ዕቃ የሚጠቀለልበት ፕላስቲክ ላይ ያሉትን ትንንሽ የአየር ፊኛዎች በብዛት ሲያፈነዱ ታይተዋል። ደስታው ሲበዛ ሰውነት በተቃራኒው እየገለጸ ሚዛኑን ይጠብቃል ይላሉ። የእኛ እናቶች ደግሞ የሚያምር ሕፃን ሲያዩ «እንትፍ እንትፍ፣ ከዓይን ያውጣው» ይላሉ። ለእኔ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከደባርቅ በላይ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ። የጭላዳ ልጅ ጥቁር ሆኖ ይወለዳል። መጀመሪያ የእናቱን ሆድ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ ትንሽ ሲጠና ጀርባዋ ላይ ይወጣል። እዚያ ቆሞ እጁን የማይዘረጋ ጎብኚ ማግኘት ይከብዳል። እባካችሁ አትዘርጉ፣ ዳቦም አትስጡ። ሣር የሚግጥ ፍጥረት ነው፣ እናቱም አጠገቡ ናት።

ወደ ገጠሩ ስንመጣ ነገሩ ይጠልቃል። አዲስ ቤት ለሠራ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» ይባላል። ከምርቃት ሁሉ ገና የተወለደ ጥጃ መመረጡ ይገርመኛል። ብዙ የአገራችን ላሞች ወተታቸውን የሚለቁት ጥጃቸው ትንሽ ከጠባ በኋላ ስለሆነ፣ እንቦሳ ያለበት ቤት ወተት አለበት። የገጠር ልጅ የመጀመሪያ ሥራውም ብዙ ጊዜ ጥጃና ግልገል መጠበቅ ነው። ስም ያወጣላቸዋል፣ አቅፏቸው ይተኛል፣ ሲያማቸው ያለቅሳል።

ያ ግልገል አድጎ ለፋሲካ ሲታሰብ ልጁ ቀድሞ ይሰማል። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ለዚህም ነው ሰበብ ፈልገው ያን ቀን ልጁን ወደ አክስቱ ቤት የሚልኩ ወላጆች ያሉት።