ቪፒኤን እና የኢንተርኔት ቴሌቪዥን በጎጃም

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ቪፒኤን ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው 2015 ዓ.ም.ን ነው። የዚያን ዓመት የካቲት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገደቡ። «ቪፒኤን አብራ» የሚለው ምክር ከሰው ወደ ሰው ዞረ። ገደቡ አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሐምሌ ላይ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ቪፒኤን ማለት ለብዙዎች የተዘጋን መክፈቻ ነው። ቴሌቪዥንን በኢንተርኔት ለሚያይ ሰው ግን ጥቅሙም ወጪውም ሌላ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ዳታቸውን የሚጨርሱ ብዙ ናቸው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቪፒኤን ከስልኩ የሚወጣውን መረጃ ቆልፎ ሌላ አገር ወዳለ ሰርቨር (መረጃ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) ይልካል። ሰርቨሩ ደግሞ በራሱ አድራሻ ወደሚፈለገው ድርጅት ያደርሰዋል። ሰርቨሩ አምስተርዳም ከሆነ፣ ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብሎ ፊልም የከፈተ ሰው በፊልሙ ድርጅት ዘንድ አምስተርዳም እንዳለ ይቆጠራል። የስልክ ድርጅቱም ሰውየው ቪፒኤን መጠቀሙን ሊያውቅ ይችላል፤ ምን እያየ እንደሆነ ግን አያይም።

አገር መቀየር ለምን አስፈለገ? የፊልምና የኳስ መብት የሚሸጠው አገር በአገር ስለሆነ ነው። ኔትፍሊክስ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ አዳዲስ አገሮች ገባ። በማግስቱ ወር ደግሞ በቪፒኤን ከሌላ አገር የሚገቡትን እንደሚያግድ አስታወቀ። ዛሬም የሚታየው የፊልም ዝርዝር የሚወሰነው አካውንቱ በተከፈተበት አገር ሳይሆን ተመልካቹ ባለበት አገር ነው። ዋሽንግተን ያለች እህት የአካውንቷን የይለፍ ቃል ብትልክ፣ ደብረ ማርቆስ ሲከፈት የሚመጣው የኢትዮጵያው ዝርዝር ነው። የቢቢሲ የኢንተርኔት ቴሌቪዥን የሆነው አይፕሌየር ደግሞ ከብሪታንያ ውጪ ፕሮግራሞቹን አያሳይም። ድርጅቶቹ የታወቁ የቪፒኤን አድራሻዎችን እየለቀሙ ስለሚዘጉ ትናንት የሠራው ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ቪፒኤን መጠቀም የአገልግሎቱን ውል ሊጥስ እንደሚችልም ከመክፈል በፊት ማንበብ ይገባል።

ለአማርኛ ጣቢያዎች ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ኢቢኤስም፣ ፋናም፣ መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው አሚኮም በዩቲዩብ ይገኛሉ። ዩቲዩብ ክፍት በሆነበት ጊዜ ድራማ ወይም ዜና ለማየት ቪፒኤን ማብራት ዳታ ማባከን ነው። በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። ምስሉ ሲቆራረጥና መሐል ላይ ያለችው ክብ ስትዞር «ቪፒኤን ያፈጥነዋል» ብለው የሚያበሩ አሉ። አልፎ አልፎ ካልሆነ አያፈጥነውም። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመሄድ በደጀን ወርዶ ዓባይን መሻገር እያለ፣ በባሕር ዳር ዞሮ በወልድያ እንደመውረድ ነው። መንገዱ ይረዝማል፤ ነዳጁም ይጨምራል። ቪፒኤን በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የራሱን ማሸጊያ ስለሚጨምር ዳታውም ከፍ ይላል። በኔትፍሊክስ ጥራት ባለው ምስል የአንድ ሰዓት ፊልም እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። በሞባይል ፓኬጅ ለሚያይ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። ዩቲዩብ ላይ የምስሉን ጥራት ወደ 360 ወይም 240 ዝቅ ማድረግ ከየትኛውም ቪፒኤን የበለጠ ይረዳል።

ኳስ ላይ ችግሩ ይብሳል። የኢንተርኔት ስርጭት ብዙውን ጊዜ ከዲሽ ኋላ ይቀራል፤ ጎረቤት ጎሉን ጮሆ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚደርሰው። ቪፒኤን ሲጨመርበት ደግሞ መቆራረጡም ሊበረታ ይችላል።

ነጻ ቪፒኤን ሁሉ አንድ አይደለም። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሳይፎን ገደብ ለማለፍ የተሠራ ነው፤ የፊልም ዝርዝር ለመቀየር አይደለም። በሌላ በኩል በ2007 ዓ.ም. ሆላ የተባለው ነጻ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት መስመር ለሌሎች እንደሚሸጥ ታወቀ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ መተግበሪያ ስልክ ላይ ጭኖ፣ በዚያው ስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ ያስፈራል። እባካችሁ ቢያንስ ብር ስትልኩ አጥፉት።

ስማርት ቲቪ ያላቸው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል። ስልኩ ላይ ቪፒኤን አብርተው በሆትስፖት ለቴሌቪዥኑ ያካፍላሉ፤ ቴሌቪዥኑ ግን አሁንም ኢትዮጵያ ነው የሚለው። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ቪፒኤኑ የሚያገለግለው ስልኩን ራሱን ብቻ ነው። አንድሮይድ ቲቪ ከሆነ መተግበሪያውን እዚያው መጫን ይቻላል። ካልሆነ ቪፒኤኑ ላፕቶፕ ላይ ተከፍቶ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛል።

ቪፒኤን ጨርሶ የማይረዳበት ጊዜም አለ። የ2015ቱ ገደብ በተነሣበት በዚያው በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ራሱ ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። ቪፒኤን በኢንተርኔት ላይ የሚሄድ ነገር ነው፤ መስመሩ ከሌለ የሚሄድበት የለውም። በእነዚያ ወራት የዲሽ ቴሌቪዥን ኢንተርኔት ስለማይፈልግ፣ መብራት ባለበት ሁሉ መታየቱን አላቆመም።