«ቢላ የነካው ጉልበት አበቃለት»፦ ስለ ጉልበትና ትከሻ ቀዶ ሕክምና የምንሰማው እና እውነታው

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አዲስ አበባ አልቃ የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ጫፍ። እሁድ ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ኳስ አለ። ሜዳ እንበለው እንጂ ሣር የሚባል የለውም። አፈሩ መረሬ ነው። በጋ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጫማ ይዞ አይለቅም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ሾፌር እዚያ ሜዳ ላይ ወደቀ። ማንም አልነካውም። ኳስ ተቀብሎ ሊዞር ሲል እግሩ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀረ፣ ገላው ግን ዞረ። «ቀጭ» ያለውን ድምፅ እሱም ሰማው፣ የሚያሳድደው ተከላካይም ሰማው። ከዚያ ሜዳ ዳር የቆመው ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ወጌሻ ጋ ውሰዱት!» «ራጅ ይነሳ!» «ምን ሆነ፣ ይኸው እየተራመደ!» «ብቻ ኦፕራሲዮን እንዳትገባ፣ ቢላ የነካው ጉልበት አበቃለት!»

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሰፈር ውስጥ «ዶክተር» ነው የምባለው፤ አይደለሁም ብዬ ብዬ ደክሞኛል። በዚያች 10 ደቂቃ የሰማሁት ምክር ዓመቱን ሙሉ ሥራ ቦታ የምሰማው ነው። እስኪ አንድ በአንድ እንየው።

«ከተራመደ ምንም አልሆነም»

ልጁ እውነትም ተነስቶ ተራመደ። እንዲያውም ባጃጁን ነድቶ ቤቱ ገባ። ማታ ላይ ጉልበቱ ድፎ ዳቦ አክሎ ነበር።

የተበጠሰው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነው፤ ኳስ ተመልካች «ኤሲኤል» የሚለው። የዚህ ጅማት ሥራ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት መያዝና ስንዞር ጉልበትን ማጽናት ነው። ቀጥ ብሎ ለመራመድ እምብዛም አይፈለግም። ስለዚህ ሰው ጅማቱ ተበጥሶም ይራመዳል። ዋናው ምልክት ሌላ ነው። በተጎዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ካበጠ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ደም ፈሷል ማለት ነው። እብጠቱ በሁለት ሦስት ሳምንት ይጎድላል፣ ሕመሙም ይቀላል። ያኔ ሰው «ዳንኩ» ይላል። ሚኒባስ ላይ ዘሎ ሲወጣ ወይም ድንገት ሲዞር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። በከዳው ቁጥር ደግሞ ከጭንና ከቅልጥም መካከል ያለችው ትራስ፣ ሜኒስከስ የምንላት፣ ልትቀደድ ትችላለች። የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነው ልስልስ ልባስ፣ ልም አጥንት የምንለውም፣ ይበላል።

«ራጁ ንጹሕ ነው»

ራጅ አጥንት ያሳያል፣ ጅማት አያሳይም። አለቀ። ራጅ መነሳቱ ክፋት የለውም፤ የተሰበረ ነገር እንዳለ ይነግራል። ግን «ንጹሕ ራጅ» ማለት «ንጹሕ ጉልበት» ማለት አይደለም። ጉልበት የሚያውቅ ሐኪም ታካሚውን አስተኝቶ፣ ጉልበቱን በትንሹ አጥፎ፣ ቅልጥሙን ወደ ፊት ሳብ ሲያደርገው ብዙውን ነገር በእጁ ያውቀዋል። ኤምአርአይ ያንን ያረጋግጣል፣ ሜኒስከሱንም ያሳያል።

ኤምአርአይን ግን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አትዩት። ዕድሜው የገፋ፣ ምንም የማያመው ሰው ጉልበት ቢነሳ ሜኒስከሱ ተቀዶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ወረቀት ይዘው መጥተው «ተቀዷል ይላል» እያሉ የሚያለቅሱ ስንቶች ገጥመውኛል። የሚታከመው ሰውዬው ነው፣ ወረቀቱ አይደለም።

«ወጌሻ ይመልሰዋል»

እዚህ ላይ ጠብ እንዳይነሳ እፈራለሁ። ወጌሻን አልንቅም። በየሰፈሩ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የሰውን አጥንት የያዙት እነሱ ናቸው። የወለቀ ትከሻን በመሳብ መመለስም እነሱ ዛሬ ያመጡት አይደለም። ተረከዝን ብብት ውስጥ አስገብቶ ክንድ የመሳብ ዘዴ በጥንታዊው ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም ይጠራል።

የተበጠሰ መስቀለኛ ጅማት ግን የወለቀ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ «አይመለስም»። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚዋኝ ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዘው ደም ሳይረጋ ይታጠባል፤ በዚህ ምክንያት ራሱን ችሎ ብዙም አይድንም። በቅቤ አሽቶ የሚያገናኘው ጣት የለም። ያበጠ ጉልበት ሲታሽ ይብሳል እንጂ አይቀልም። የባጃጁ ልጅም ሄዶ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ታሸ፣ ሦስቴም ጉልበቱ ፊኛ ሆኖ ተመለሰ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ መታሰሩ ነው። የታሰረው እግር ወይም እጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማሰሪያውን ፍቱና ሆስፒታል ሩጡ። በዚህ ምክንያት እግር የተቆረጠባቸው ልጆች በሀገራችን ሆስፒታሎች አሉ።

«ኦፕራሲዮን ማለት ጉልበቱን ከፍቶ የተበጠሰውን መስፋት ነው»

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ሥዕል ነው፤ የተተረተረ ጉልበት። ዛሬ የሚደረገው በአብዛኛው በአርትሮስኮፒ ነው። እርሳስ የምታህል ካሜራ በአንዲት ቀዳዳ ትገባለች፣ መሣሪያው በሌላዋ። ጉልበቱ በንጹሕ ጨዋማ ውሃ ይነፋል፣ ሐኪሙ ስክሪን እያየ ይሠራል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ የአስከሬን ጉልበት ውስጥ በመነጽር የተመለከተው በ1918 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ማሳኪ ዋታናቤ ደግሞ በ1962 የተቀደደ ሜኒስከስ በዚሁ መንገድ ቆርጦ አወጣ።

መስፋቱም እንደሚወራው አይደለም። የተበጠሰው ጅማት ጫፉ እንደ አሮጌ ገመድ ተበጣጥሶ ስለሚገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ጅማት ይተካል። ሌላው ከየት ይመጣል? ከራስህ። ከጭን ጀርባ ካሉት ቀጫጭን ጅማቶች፣ ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው፣ አለዚያም ከሎሚው በላይ ካለው ይወሰዳል። ጭኑና ቅልጥሙ ላይ በድሪል መተላለፊያ ይበሳል፣ አዲሱ ጅማት በዚያ ይሳባል፣ በብሎን ወይም በትንሽ የብረት ቁልፍ ይታሰራል። «ብረቱ መቼ ይወጣል?» ይሉኛል። ካላስቸገረ አይወጣም፣ እዚያው ይኖራል።

ሜኒስከስ ላይ ግን መስፋት አለ። ውጫዊው ጠርዝ ደም ስለሚያገኝ ከተሰፋ ሊድን ይችላል። ውስጠኛው ክፍል ደም የለውም፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተንጠለጠለችው ቁራጭ ብቻ ትቆረጣለች።

«ቢላ ከነካው አበቃለት» እና ተቃራኒው «ካልተቀደደ አይድንም»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። የሚገርመው አንድ ሰው ሁለቱንም ባንድ ሳምንት ሊነግርህ ይችላል።

ስዊድን ውስጥ 121 ጅማታቸው የተበጠሰ ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ማለትም ተቀደደ። ግማሹ በፊዚዮቴራፒ ጀምሮ፣ ካስፈለገው በኋላ እንዲቀደድ ተደረገ። በ2010 ውጤቱ ሲታተም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሁለቱ ቡድኖች ጉልበት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ከሁለተኛው ቡድን ግማሽ ያህሉ ተቀዷል፤ ግማሹ ግን ጭራሽ አልተቀደደም። በሌላ በኩል እንግሊዝ ውስጥ ጉዳታቸው የቆየና ጉልበታቸው የሚከዳቸው ሰዎች ላይ በተሠራና በ2022 በታተመ ጥናት የተቀደዱት ተሽለው ተገኙ። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላል እንጂ አይጣሉም። ትኩስ ጉዳት ከሆነ ጡንቻህን ገንብተህ ማየት ትችላለህ። ከሠራህም በኋላ ጉልበቱ መክዳቱን ካልተወ፣ ወደ ቢላው ሂድ። የባጃጁ ልጅ ሦስት ወር አብሮኝ ሠርቷል። ከዚያ አንድ ቀን ከባጃጁ ሲወርድ ጉልበቱ ከድቶት አስፋልት ላይ ተዘረጋ። ጥቅምት ላይ ተቀደደ።

ለጋሼዎችና ለእትዬዎች የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነው። በዕድሜ የሳሳ ሜኒስከስ ላይ ፊንላንዶች ደፋር ነገር ሠሩ። 146 ሰዎችን ወስደው ለግማሾቹ ሜኒስከሱን ቆረጡ፣ ለሌሎቹ የቆረጡ አስመሰሉ። ታካሚዎቹ የትኛው እንደተደረገላቸው አያውቁም። ከዓመት በኋላ ልዩነት አልተገኘም፤ ጥናቱ በ2013 ታትሟል። ቀደም ብሎ በ2002 የሂዩስተን ሐኪሞች ልም አጥንቱ በተበላ ጉልበት ላይ ተመሳሳይ ነገር ሠርተው ያው ሆነ፤ ማጠብና መፋቁ ከማስመሰሉ አልበለጠም። ስለዚህ የ60 ዓመት ሰው ጉልበቴን ያመኛል ሲል በካሜራ «ማጽዳት» የመጀመሪያ መልስ አይደለም። ተቆልፎ አልታጠፍም፣ አልዘረጋም ያለ ጉልበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ሐኪም ይየው።

«6 ወር ከሞላኝ ልጫወት»

እዚህ ነው የምጨቃጨቀው።

ልጁ የሚኖረው 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ከሆስፒታል የወጣ ቀን በክራንች ደረጃ አወጣጥ ያስተማርኩት እዚያው መግቢያው ላይ ነው። ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው። እናቱ ከላይ ሆነው «ቀስ ልጄ፣ ቀስ» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራችን ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ፎጣ ጠቅልሎ ተረከዝ ሥር ማድረግና ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ መጫን፤ የጭኑን ጡንቻ አጥብቆ መያዝ፣ መልቀቅ። በዚህ ወቅት ያልተዘረጋ ጉልበት በኋላ ብዙ ያስለቅሳል። ጂም ገንዘብ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሞልተን ነው የሠራነው።

በ6ኛው ወር «ጨርሻለሁ፣ ምንም አያመኝም» ብሎ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ሜትር ዘረጋሁና በአንድ እግር ዝለል አልኩት። በደህናው 150 ሴንቲ ሜትር ዘለለ። በተቀደደው 105። ሜትሩን ሲያይ ዝም አለ።

የተተከለው ጅማት ገና ሲገባ ገመድ ነው፣ ሕይወት የለውም። ደም ሥር እስኪገባበትና ሰውነት የራሱ እስኪያደርገው ድረስ ብዙ ወራት ያልፋሉ። በመሀል፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ወር አካባቢ፣ እንዲያውም ይደክማል። ሕመም ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይጠፋል። ወጥመዱ ይሄ ነው። የኦስሎና የደላዌር ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳዩት፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አላምንም ካላችሁ የሊቨርፑሉን ተከላካይ ቫን ዳይክን አስታውሱ። በጥቅምት 2020 እንደ ፈረንጆቹ ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ይኸው ጅማቱ ተጎዳ፤ ሊቨርፑል ያለው ሐኪምና ጂም ሁሉ እያለለት ወደ ሊግ ጨዋታ የተመለሰው በነሐሴ 2021 ነው። እኛ በጀሪካን በ6 ወር?

ውጤቱንም ሳናጋንን እንናገር። በ2014 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ያየ ግምገማ እንዳለው፣ ከተቀደዱ 100 ሰዎች 81 ያህሉ የሆነ ዓይነት ስፖርት ወደ መሥራት ይመለሳሉ፤ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው 65፣ ወደ ውድድር 55። ቀዶ ሕክምናው ኋላ ልም አጥንቱ እንዳይበላም ዋስትና አይሰጥም። ልጁ በ10ኛው ወር 141 ዘለለ። አሁን በረኛ ሆኗል፤ መዞሩን ይፈራል፣ አልገፋውም።

«ትከሻው ገብቷል፣ አለቀ»

የወለቀ ትከሻ ሲመለስ ሕመሙ ወዲያው ስለሚቀል ሁሉም ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል። ዕድሜ ግን ወሳኝ ነው። ከ20 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትከሻው አንዴ ከወለቀ ደግሞ የመውለቁ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። የመገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ ያለችው ከንፈር መሰል ቀለበት ስትላቀቅ የክንዱን አጥንት ክብ ራስ የሚይዘው ነገር ይጠፋል። እንግሊዛዊው ባንካርት በ1923 የጻፈው ስለዚሁ ነው፤ ያንን ጠርዝ መልሶ መስፋት እስካሁን በስሙ ይጠራል። አጥንቱም ከተበላ መስፋት ብቻ አይበቃም። ፈረንሳዊው ላታርዤ በ1954 ያመጣው ዘዴ አለ፤ ከትከሻው ፊት ለፊት ያለች ትንሽ የአጥንት ጉጥ ከነጅማቷ ተቆርጣ የተበላው ቦታ ላይ በብሎን ትታሰራለች። ሹራብ ሲያወልቅ ትከሻው የሚወልቅበት አንድ የግንባታ ሠራተኛ አውቃለሁ። እሱን እንቅስቃሴ ብቻ አያድነውም።

ዕድሜው ከ40 በላይ ሆኖ የወለቀበት ደግሞ፣ ትከሻው ተመልሶም ክንዱን ማንሳት ካቃተው፣ ጅማት ተበጥሶ ወይም ነርቭ ተጎድቶ ይሆናልና ዝም አይባልም።

«ብርድ ነው የመታኝ»

እማማ ጎረቤቴ ናቸው። ትከሻቸው ያማቸዋል፤ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠው ብርድ መትቷቸው ነው፣ በሳቸው አባባል። የሰማ ሁሉ ምክር ያዋጣል። አንዱ ቅባት፣ አንዱ መርፌ፣ አንዱ «አጥንቱ ይሞረድ»። መሞረዱን በተመለከተ፣ በ2018 የታተመ የእንግሊዞች ጥናት ከ300 በላይ ሰዎች ላይ አይቶት ከማስመሰያው ቀዶ ሕክምና የማይበልጥ ሆኖ አግኝቶታል።

እማማ ክንዳቸውን እኔም ሳነሳላቸው አልነሳም ብሎ ደርቋል። ብርዱን ትቼ «እማማ፣ ስኳርዎን ተለክተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። የደረቀ ትከሻ የስኳር ሕመምተኞችን ይወዳል። ተለኩ፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒት ጀመሩ፣ እኔ ጋ ደግሞ ግድግዳ በጣት መውጣት። ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቷል። አሁን ነጠላቸውን ራሳቸው ያጣፋሉ፣ የመስኮቱን ነገር ግን እስካሁን አልተዉትም። ታክሲ ስንሳፈር ዳሩን ለኔ ይለቁልኛል።