የኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ሰነድ ዕድሳት፦ ከጎጃም ሲታይ

ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር የሚባለው ማንም ሰው ኮዱን እንዲያይ፣ እንዲቀይርና መልሶ እንዲያሰራጭ የተፈቀደለት ሶፍትዌር ነው። ሰነዱ ደግሞ ከኮዱ ጋር የሚሄደው ጽሑፍ ሁሉ ነው፤ አጫጫኑን የሚያሳየው ሪድሚ፣ የአጠቃቀም መመሪያው፣ የትእዛዞቹ ማብራሪያ፣ በየስሪቱ የተቀየረውን የሚናገረው ዝርዝር። ኮድ ሲበላሽ ፕሮግራሙ ራሱ ይጮኻል። ሰነድ ሲያረጅ ግን ድምፅ አያሰማም፤ የሚታወቀው አምኖት የተከተለው ሰው ሲሰናከል ነው።

ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና አብረው የሚሠሩበት ድረ ገጽ ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባካሄደው የዳሰሳ ጥናት ከመለሱት ሰዎች 93 በመቶው ያልተሟላ ወይም ያረጀ ሰነድ ችግር ሆኖ እንዳጋጠማቸው ተናግረዋል። በኮድ ከሚሳተፉት 60 በመቶው ደግሞ ሰነድ ላይ እምብዛም ወይም ጭራሽ እንደማይሠሩ ገልጸዋል። አዲስ ነገር የጨመረ ስሙ ይነሣል፤ የቆየ አንቀጽ ያቃናን ሰው ማን ልብ ይለዋል?

ጎጃም ውስጥ በእንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚሠራው ጥቂት አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚያስቀምጥበት ማከማቻ ዲስፔስ በሚባል የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር የቆመ ነው። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያልፍበት ዲኤችአይኤስ 2 መነሻው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የደብረ ማርቆስም ሆነ የእንጅባራ የኮምፒዩተር ተማሪ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋና ሊኑክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም መንካቱ አይቀርም። መመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ከምንጩ አይመጣም። በፍላሽ፣ በቴሌግራም ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት በተጠረዘ ሀንድአውት ከሲኒየር ወደ ጀማሪ ይተላለፋል። ዋናው ጽሑፍ አሥር ጊዜ ቢታረምም ፍላሽ ላይ ያለችው ቅጂ ግን እንደተቀዳች ትኖራለች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በእጅ ያለችው ቅጂ ለብዙዎች ብቸኛዋ መምህር ሆና ነበር።

የዚህ ውጤት በቀላል ምሳሌ ይታያል። ፓይተን 2 ላይ ፕሪንት (ጽሑፉን ስክሪን ላይ አሳይ) ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ጽሑፉን ያለ ቅንፍ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የወጣው ፓይተን 3 ቅንፍ ግድ አደረገ፤ ፓይተን 2 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 መግቢያ ጀምሮ ድጋፍ ተቋርጦበታል። አሮጌውን ሀንድአውት ይዞ የተቀመጠ ተማሪ የመጀመሪያዋን መስመር ፊደል በፊደል ይገለብጣል፤ ኮምፒዩተሩ ስህተት ይለዋል። ደግሞ ያያታል፤ ከወረቀቱ ጋር አንድ ናት። ወረቀቱን አይጠረጥርም፤ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ያረጀ ሰነድ ከሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል።

የጊትሀብ የይለፍ ቃል ጉዳይም እንዲሁ ነው። ከነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት በተባለው መሣሪያ ኮድ ሲላክ የአካውንቱ የይለፍ ቃል ተቀባይነት የለውም፤ በምትኩ ቶክን፣ ማለትም ከጊትሀብ የሚወጣ ልዩ የመግቢያ ኮድ፣ ይጠየቃል። የቆዩ መመሪያዎች ግን «የይለፍ ቃልህን አስገባ» እንዳሉ ናቸው።

በነገራችን ላይ የእኛ አገር ሰነድ ሌላ የራሱ ጣጣ አለው። ጀርባው ላይ «2013» ብቻ የተጻፈበት መመሪያ በየትኛው አቆጣጠር ነው? በሁለቱ መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ፤ ለሶፍትዌር ይህ ዕድሜ ልክ ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጨመር፣ ከዚያም የሶፍትዌሩን ስሪት ቁጥር መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

በባለሙያዎቹ ዘንድ የሰፈነው መፍትሔ ሰነድን እንደ ኮድ መያዝ ነው። ጽሑፉ ከኮዱ ጋር በአንድ ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክቱ ማከማቻ) ይቀመጣል፤ አንድ ትእዛዝ የቀየረ ሰው በዚያው ፑል ሪኩዌስት (ለውጡን ለግምገማ በሚያቀርብበት ጥያቄ) ማብራሪያውንም ይቀይራል፤ ካልቀየረ ገምጋሚው ይመልስበታል። ለፓይተን ሰነድ ተብሎ የተሠራው ስፊንክስ የሞቱ ሊንኮችን እየለቀመ ያወጣል። ዶክቴስት የተባለው መሣሪያ ደግሞ በመመሪያው ውስጥ ያሉትን ምሳሌዎች በእርግጥ አስኪዶ ውጤታቸው ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ያያል። ለሐሳብ ማብራሪያ ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት።

ማደስ ሁልጊዜ መሰረዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዲስፔስ 7 የቀድሞዎቹን ሁለት የተጠቃሚ ገጾች ትቶ በአዲስ ተካቸው፤ ለስሪት 6 በስክሪንሹት የታጨቀ የሥልጠና ጽሑፍ ለአዲሱ ተጠቃሚ ዋጋ አጣ። ስሪት 6ን ገና ላልቀየረው ተቋም ግን ያው ጽሑፍ ትክክል ነው። ስለዚህ በየስሪቱ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

መሰረዝ ሲያስፈልግ ደግሞ ድፍረት ይጎድላል። የዲማና የመርጡለ ማርያም አገር ሰው ይህን ሥራ ከብራና ያውቀዋል፤ ቁም ጸሐፊው የተሳሳተውን ፍቆ በቦታው ያርማል። ሰነድ ላይ ግን አሮጌው አንቀጽ እንዳለ ሆኖ አዲሱ ከሥሩ ይጨመርና አንባቢው ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ይዞ ይቀራል።

ለጀማሪ ይህ ጥሩ በር ነው። መመሪያው የት ላይ እንደሚያደናቅፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሪድሚ ስህተት ለማረም ላፕቶፕ እንኳ አያስፈልግም፣ በስልክ ብሮውዘር ይቻላል። ወደ አማርኛ የሚተረጉም ግን አንድ ነገር ይጠብቀዋል፦ እንግሊዝኛው በተቀየረ ቁጥር ትርጉሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ጌትቴክስት የሚባለው መሣሪያ ምንጫቸው የተቀየረ ዓረፍተ ነገሮችን «ፈዚ» የሚል ምልክት እያደረገባቸው ለተርጓሚው ያሳያል። በወርድ ተተርጉሞ በፒዲኤፍ ለተሰራጨ ጽሑፍ ይህ ምልክት የለም፤ የትኛው ስሪት እንደተተረጎመ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካልተጻፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተርጓሚው ራሱም ላያስታውሰው ይችላል።